የባይፖላር ባዮማርከር ምንድን ነው? የደም ኢንዛይሞችስ ምን ይነግሩናል?

ጎጃም ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ደሙ ተቀድቶ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ እንደሆነ ይነገረዋል። ስለዚህ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው ሲለፈልፍ የከረመ፣ የእርሻ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ላገኘው ሁሉ የበተነ ልጃቸውን ይዘው ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር የሚመጡ አባት «ዶክተር፣ ደሙን እዩልኝና በሽታውን ንገሩኝ» ቢሉ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎችም ለአሥርተ ዓመታት የጠየቁት ይህንኑ ነው። የሚፈለገው ነገር ባዮማርከር ይባላል፤ በደም ወይም በሌላ የሰውነት ናሙና ውስጥ ሊለካ የሚችልና አንድን በሽታ ለይቶ የሚጠቁም ምልክት ማለት ነው።

ፍለጋው ያስፈለገበት ምክንያት ከባድ ነው። ባይፖላር፣ ማኒያ የሚባለው የስሜት መናርና ድባቴ የሚፈራረቁበት ሕመም ሲሆን፣ በብዙዎች ላይ የሚጀምረው በድባቴ በመሆኑ በዚያ ጊዜ ከተራ ድባቴ ለመለየት ያዳግታል። ለተራ ድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ሲሰጥ ማኒያ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ሁለቱን ገና በጠዋቱ የሚለይ የደም ምርመራ ቢገኝ ብዙ ቤተሰብ ከዓመታት እንግልት ይድን ነበር።

ኢንዛይሞች በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ ገደማ ስለሚወስድ፣ ከዚህ ሂደት የሚተርፉት ጎጂ የኦክሲጅን ውጤቶች ለሕመሙ አስተዋጽኦ ሳይኖራቸው አይቀርም የሚል ሐሳብ ተነሣ። እነዚህን ከሚያመክኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራው የታወቀው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ነው፤ እርሱ ወደ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ የለወጠውን ካታሌዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይበትነዋል። ነርሷ ቁስል ላይ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ስታፈስ ነጭ አረፋ ኩፍ የሚለው ካታሌዝ በሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ የባይፖላር ሕመምተኞች ደም ሲለካ የእነዚህ ኢንዛይሞች መጠን በአንዱ ጥናት ከፍ ብሎ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛው ከጤነኛ ሰው ሳይለይ ተገኝቷል። የሕመሙ ወቅት፣ የሚወሰደው መድኃኒትና ሲጋራ ሁሉም ልኬቱን ይለውጡታል፤ ለውጡ ሲታይም ስኪዞፍሬንያ በተባለው ሌላ የአእምሮ ሕመምና በድባቴ ላይ ጭምር ስለሚታይ አንዱን ሕመም ከሌላው አይለይም።

የክሬቲን ካይኔዝ ታሪክ ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኸርበርት ሜልትዘር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህ የጡንቻ ኢንዛይም አጣዳፊ የአእምሮ ሕመም በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳወቁ። ነገር ግን ያው ኢንዛይም ጡንቻ ላይ መርፌ ሲወጋ፣ ሰው ሲታገል ወይም ሲታሰርም ከፍ ይላል። እጁን በጠፍር ታስሮ፣ መንገዱን ሁሉ ሲታገል የመጣ ወጣት ኢንዛይሙ ቢጨምር ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ ክንዱ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያ የልጁን የእጅ አንጓ ገልጦ የጠፍሩን ሰንበር ካላየ ይሳሳታል።

ስለዚህ ዛሬም ባይፖላር የሚታወቀው በኢንዛይም ልኬት ሳይሆን የታካሚውንና የቤተሰቡን ታሪክ በጥሞና በመስማት ነው። ደም የሚቀዳው ለሌላ ጉዳይ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ እንቅልፍ ስለሚያሳጣና ስለሚያቁነጠንጥ ማኒያ ሊመስል ይችላል፤ እንቅርት እንግዳ ባልሆነበት በደጋው ጎጃም ይህ ምርመራ ሊዘለል አይገባውም።

ሁለተኛው ጉዳይ መድኃኒት መከታተል ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚጠቅም ያሳወቁት ሊቲየም፣ መጨረሻ ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይመርዛል። ጸበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ሰው ውሃና ጨው ስለሚያንሰው ኩላሊቱ ሊቲየሙን ይዞ ያስቀራል። ሊቲየም የሚወስድ ልጁን ወደ ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ እዚያም ሳለ የልጁ እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም እግሩ ከተንገዳገደ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል አምጥቶ ደሙን ያስለካ።