ሞተሩ እየፈላ ማሞቂያው ለምን ይቀዘቅዛል? በተለምዶ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሌሊት ነው፤ ዳገት እየወጣሁ ነው። የሙቀት ጌጁ ቀስት ቀዩን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። እግሬ ግን ደንዝዟል። ማሞቂያውን ጥግ ድረስ ከፍቼዋለሁ፣ የሚነፍስብኝ ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። ሞተሩ እንዲህ እየፈላ እኔ እንዴት ይበርደኛል? ለካስ መኪናዋ በሽታዋን እየነገረችኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰጠኝን ምክር ሁሉ ዝም ብዬ አልቀበልም። ብዙው ከሰው ሰው ሲተላለፍ የመጣ ስህተት ነው።

«የሞተሩ መሞቅና የማሞቂያው መቀዝቀዝ አይገናኙም»

በደንብ ይገናኛሉ። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ መኪና ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ምድጃ የለውም። ሞተሩን ዞሮ የሞቀው ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) በከፊል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ብታክል ወፍራም መጽሐፍ ብታክል ነው። ፋን አየር ይነፋባታል፣ እኛም እንሞቃለን። (ሙቀቱ ያለዚያም በራዲያተር በኩል ለንፋስ የሚሰጥ ስለሆነ «ማሞቂያ ነዳጅ ይበላል» ብሎ መንቀጥቀጥ ትርፉ ጉንፋን ነው።)

ይህች ትንሽ ራዲያተር በብዙ መኪኖች ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ኩላንት ሲጎድል አየር ወደ ላይ ይወጣና እሷ ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ ቀስቱ ከመነሳቱ በፊት ማሞቂያው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሞተሩ እየሞቀ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፦ ኩላንት ጎድሏል፣ አየር ገብቷል፣ ወይም የውሃ ፓምፑ አይገፋም። የፓምፑ ክንፎች ተበልተው ወይም ከዘንጋቸው ላይ ላልተው ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ይሽከረከራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ሩጫ ነው። ነዳጅ ሲረግጡ ሞቅ ብሎ ቆማችሁ ስትጠብቁ የሚቀዘቅዝ ከሆነም ነገሩ ከእነዚሁ አይወጣም።

የእኔዋ ከታችኛው ቱቦ በጠብታ ስታፈስ ከርማለች። ቱቦው ተቀየረ፣ ኩላንት ተሞላ፣ ማሞቂያው ግን አሁንም ቀዝቃዛ። መካኒኩ አፍንጫዋን በጃክ ከፍ አደረገ። ሞተሩ በረድ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አስነሳው፣ ማሞቂያውንም ሙሉ በሙሉ ሙቅ ላይ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ጀመረ። አየሩ በወጣ ቁጥር ውሃው ዝቅ ይላል፣ እሱ ይሞላል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ እጄን አየር ማውጫው ላይ አድርጌያለሁ። ድንገት ለብ አለ፣ ከዚያ ትኩስ ሆነ። «መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስቱ መሃል ላይ እስካለ ሰላም ነው»

በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ቀስቱ እውነቱን ቀንሶ ነው የሚያሳየው። ሹፌሩ እንዳይጨነቅ ሲባል የሞተሩ ሙቀት ሰፋ ባለ ክልል ውስጥ ቢወጣና ቢወርድም ቀስቱ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ሲነሳ ነገሩ ከረፈደ በኋላ ሊሆን ይችላል። የባሰው ደግሞ ኩላንቱ ጨርሶ ሲያልቅ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ፈሳሽ ያጣና አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ቀስቱ ጭራሽ ሊወርድ ይችላል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ርካሽ ስካነር ቢኖራችሁ ትክክለኛውን ቁጥር ታዩበታላችሁ።

«ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ከትልቁ ራዲያተር የሚያግድ በር ነው። ብዙዎቹ ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይከፈታሉ። ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይፈላል፣ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን አዲስ መግጠም ነው፤ ዕቃው ደግሞ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው።

አውጥታችሁ ከጣላችሁት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። የሞተሩ ኮምፒውተር ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል። ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ማሞቂያውም ለብ ከማለት አያልፍም። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላ ማቋረጫ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በማቋረጫው እየዞረ ሞተሩ ይብስ ይሞቃል። ለማዳን ተብሎ መግደል ማለት ይኸው ነው።

ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታትም አለ። ምልክቱ ቀስቱ መሃል ሳይደርስ መቅረቱ ነው፤ በተለይ በፍጥነት ስትነዱ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ሞተርና ቀዝቃዛ ማሞቂያ አብረው ከመጡ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

«ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ጋዝ ይሞላ»

ጋዙ የኤሲ ነው፣ ለማቀዝቀዝ። በነዳጅ መኪና ላይ ከማሞቂያው ጋር አይገናኝም።

ሞተሩ በልኩ ሞቆ ማሞቂያው ብቻ ከቀዘቀዘ ከሞተሩ ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ፈልጉ። ሞተሩን አጥፉና በጥንቃቄ በእጃችሁ ዳስሷቸው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየደረሰ ነው። ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምትቀያይረው ትንሽ በር ወይም የምታንቀሳቅሳት ሞተር ናት። አንዱ ትኩስ ሆኖ ሌላው ከቀዘቀዘ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ወይም መንገዱ ላይ ያለው ቫልቭ አልተከፈተም። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ወደ ኩላንቱ መጠን ተመለሱ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ ስንቱ ግን ዳሽቦርድ ያስፈታል!

መስታወቱ ከውስጥ የሚቀባ ጉም ካለው፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ከሸተታችሁና ምንጣፉ ከራሰ ግን ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው።

«ኩላንት ባለቀለም ውሃ ነው»

ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት የሆነ ድብልቅ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ አይረጋም፣ ከዝገትም ይከላከላል። ያልተበረዘ ቢሆን ይሻላል ብላችሁም እንዳታስቡ፤ ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል። የቀለሙ ነገር ደግሞ አታላይ ነው። ቀለማቸው አንድ ከሆነ ይስማማሉ የሚል ሕግ የለም፤ ሁለት አረንጓዴ ኩላንቶች የተለያየ ቅመም ሊኖራቸው ይችላል። ሳይስማሙ ከተቀላቀሉ ረግተው ጠባቧን ራዲያተር ሊደፍኗት ይችላሉ። የሚያፈስ ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረው ዱቄትም እንዲሁ፤ ቀዳዳውንም ጤነኛውንም መንገድ አይለይም።

«ሞተር ሞቀ ማለት ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል»

አንዳንዴ ጓርኒሲዮኑ፣ በሞተሩ አካልና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛ ክፍል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ሊቃጠል ይችላል። ግን የት እንደሚሞቅ መጀመሪያ ተመልከቱ። ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሞቆ ሲነዱት የሚበርድ ከሆነ ፋኑ ይመርመር። ኤሲውን ክፈቱት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች የኤሌክትሪክ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። በተቃራኒው ዳገት ላይና በፍጥነት ብቻ የሚሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ይጠረጠራል። ጓርኒሲዮን ከሆነ ኩላንቱ የትም ሳይፈስ ይጎድላል፣ ሞተሩ ከቅዝቃዜ እንደተነሳ የራዲያተሩ ቱቦ ወዲያው ይጠጥራል። ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት በኬሚካል አስፈትሹ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

«ሲፈላ ክዳኑን ከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር»

በፍጹም! ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ያልፈላው በግፊት ስለታፈነ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቀስቱ ሲነሳ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ መስኮት አውርዱ። ትንሿ ራዲያተር ለትልቋ ታግዛለች። ትኩስ አየር ከመጣ ደህና መቆሚያ እስክታገኙ ጊዜ አላችሁ። ቀዝቃዛ ከመጣ ግን ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ።

እኔ በዚያ ሌሊት ይህን ሳላውቅ ነው ያቆምኩት፣ ፈርቼ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ሦስት ሊትር ውሃ ዋጠች።