«ሒሳቡ ከወፈረ ቪዛው አይቀርም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባሕር ዳር ውስጥ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ወደ ውጭ አገር የሚያመለክት ወጣት ምክር የሚያገኘው ከሦስት ሰዎች ነው፤ አምና ከሄደ ጓደኛው፣ ፎርም እየሞላ ከሚያስከፍለው የኮምፒውተር ቤት ባለቤትና የኤምባሲ ደጃፍ ረግጦ ከማያውቅ አጎቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው ሦስተኛው ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የተማሪዎቼንም ማመልከቻ ከመላኩ በፊት አነባለሁ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እነዚያው አባባሎች እንደ አዲስ ይመጣሉ። በቃል መመለሱ ስለሰለቸኝ ዘንድሮ በጽሑፍ አስቀምጫቸዋለሁ።

በትንንሾቹ ልጀምር።

«ውጤቱ 3.5 ያልሞላ ተማሪ አይድከም።» ሐሰት ነው። ብዙ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ዝቅተኛ ነጥብ 3.0 ነው። በ3.9 ተመርቆ ምን ሊያጠና እንደሚፈልግ ሁለት መስመር መጻፍ የሚያቅተው ግን በየዓመቱ አይጠፋም።

«ማስተርስ ሳይዙ ዶክትሬት የለም።» ለጀርመን በጥቅሉ ያስኬዳል። በአሜሪካ ግን ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ የተቀበሉትንም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ያሠሩታል። ገንዘብ የሚቸግረው ለማስተርስ ነው ስላቸው የሚያምኑኝ ጥቂቶች ናቸው።

«ዕድሜው የገፋ ሰው ስኮላርሺፕ አያገኝም።» የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ እንዲያውም የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

«ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ሲያልፍ ያባርሩኛል።» አያባርሩም። የአሜሪካ ቪዛ ላይ ያለው ቀን ቪዛው አገሩ በር ላይ ቀርቦ መግቢያ ለመጠየቅ የሚያገለግልበት ጊዜ ነው። የቆይታው ጉዳይ ሲገቡ በሚሰጠው ፈቃድ ይወሰናል።

«ዋናው ዲግሪ ካልተሰጠኝ ማመልከት አልችልም።» ይህ ብዙ ሰው ዓመት አስቆጥሮታል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይከፍል ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት እንደማያገኝ የታወቀ ነው። ለማመልከቻ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ጊዜያዊ ዲግሪና የተማሪ ቅጂውን ስካን አድርጎ መላክን ይቀበላሉ፤ ኦፊሴላዊውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ስለዚህ አመልክቱ፤ ዕዳውንም እስከዚያው ጨርሱ። የመቀበያ ደብዳቤ በመጣ ማግስት ሬጅስትራር በር ላይ መሰለፍ ግን አያምርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ባንክ ውስጥ ደህና ገንዘብ ካለህ ቪዛው አይቀርም» የሚለው አባባል በዚህ ከተማ ስንቱን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ እንደከተተ ባወራ አያልቅም።

አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጠሮው ሲቃረብ ዘመድ ይሰበሰባል። አጎት ከሱቁ፣ አክስት ከዕቁቧ፣ ጎረቤትም «ለልጁ ከሆነማ» ብሎ ያዋጣል። ገንዘቡ በልጁ ወይም በአባቱ ስም ይገባል፤ ባንኩ ማኅተም ያረፈበት የሒሳብ መግለጫ ይሰጣል፤ ከቃለ መጠይቁ ማግስት ገንዘቡ ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ለዚህ ወለድ የከፈለም አውቃለሁ። ሰዉ ይህን ብልሃት ይለዋል። የሒሳብ መግለጫ ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት አይደለም፤ የወራት ገቢና ወጪ ከነቀኑ ተዘርዝሮበታል። ከርሞ ከርሞ ከ20 ሺህ ብር በላይ ገብቶበት የማያውቅ ሒሳብ በአንድ ሳምንት 3 ሚሊዮን ብር ሲያስተናግድ ነገሩን ለመጠርጠር ኤምባሲ ውስጥ መሥራት አያስፈልግም።

የውሃ ምህንድስና የተማረች ጎበዝ ልጅ ነበረችኝ። የመመረቂያ ጥናቷ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ ነበር፤ እዚህ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ስለ ጉዳዩ ስትናገር አፍ ታስከፍታለች። ዩኒቨርሲቲው ከክፍያው ገሚሱን ችሎላት ነበር። የቀረውን ቤተሰቧ በእውነትም መሸፈን ይችል ነበር፤ እናቷ የሚያከራዩት ቤት አላቸው፣ ታላቅ ወንድሟም ደህና ሥራ አለው። ለቃለ መጠይቅ ይዛ በሄደችው ፋይል ውስጥ ግን የኪራይ ውልም የወንድሟ የደመወዝ ማስረጃም የለም። ያለው አጎቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሰባስበው በአባቷ ስም ያስገቡት ገንዘብ ነው። የአንድ ኤምባሲ ሠራተኛ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» አላት፤ «የአባቴ ቁጠባ ነው» አለች። «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ስለ እምቦጩ የጠየቃትም የለም። ቪዛ ተከልክላ ስትመለስ «መምህር፣ ገንዘቡ አንሶ ነው» አለችኝ።

«አላነሰም፤ በዛ» አልኋት።

በዚያው ዓመት ሙሉ ወጪውን ትምህርት ክፍሉ የቻለለት ሌላ ተማሪዬ በሒሳቡ ከአውሮፕላን ትኬት የማያልፍ ብር ይዞ ቀርቦ ቪዛውን ተቀብሏል። ይህን ስናገር «እሱማ ዕድለኛ ነው» ይሉኛል። ዕድል ሳይሆን ወረቀቱና አንደበቱ አንድ ነገር ስለተናገሩ ነው።

እያንዳንዱ አገር ስለ ገንዘብ የሚጠይቀው የራሱ ነገር አለ፤ ሰዉ ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታል። በአሜሪካ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያየው ኤምባሲው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ካላየ አይ-20 የሚባለውን ሰነድ አይሰጥም። ሰነዱ ላይ የዓመቱ ወጪ፣ ትምህርት ቤቱ የሚከፍለውና ከራስ ወይም ከቤተሰብ የሚመጣው ተለይቶ ይጻፋል። የቆንስላው ሠራተኛ የሚያነጻጽረው ያንን ሰነድ ከምትሉት ጋር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የኢሚግሬሽን ሕግ አለ፤ አንቀጽ 214ቢ ይሉታል። በዚህ አንቀጽ መሠረት አመልካቹ በትክክል ለትምህርት እንደሚሄድ ሠራተኛውን እስኪያሳምን ድረስ እዚያው ሊቀር እንደፈለገ ይገመታል። ይህን ግምት ባንክ ውስጥ ያለ ብር ብቻውን አያፈርሰውም። ምን ልትማሩ ነው? ለምን እዚያ? ሲያልቅስ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያለ ሽምደዳ መልስ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የእንግሊዝ ጉዳይ ደግሞ የቀን ቆጠራ ነው። የሚፈለገው ገንዘብ ሳይጎድል ለ28 ተከታታይ ቀናት ሒሳብ ውስጥ መቆየት አለበት፤ የ28ኛው ቀን ከማመልከቻው በፊት ከ31 ቀን በላይ መራቅ የለበትም። በ20ኛው ቀን ለሠርግ ብሎ ትንሽ ያወጣና ከሚፈለገው በታች ያደረሰው ሰው ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል።

ጀርመንን በተመለከተ አንድ ሰው በአንድ ቡና ላይ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ሲናገር ትሰማላችሁ፤ «ትምህርቱ በነጻ ነው» ይልና ቆይቶ «12 ሺህ ዩሮ ያስከፍላሉ» ይላል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ እንደማይጠይቁ እውነት ነው፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። 12 ሺህ የተባለው ደግሞ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11,904 ዩሮ የሆነው ዝግ ሒሳብ ነው። ክፍያ አይደለም። የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ትኖሩበታላችሁ። ችግሩ ብሩን ማግኘቱ ላይ ነው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል፤ ዩሮውም አብሮት ወጥቷል። ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው በዝግ ሒሳቡ ፋንታ የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ያቀርባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ያላችሁን አሳዩ። የ6 ወር እውነተኛ የሒሳብ እንቅስቃሴ፣ የወላጅ የሥራና የደመወዝ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል። መሬት ወይም ቤት ተሽጦ የገባ ገንዘብ ከሆነ የሽያጭ ውሉ አብሮ ይግባ፤ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ መግባቱ ኃጢአት አይደለም፣ ምንጩ አለመታወቁ ነው። አጎት የሚከፍሉ ከሆነ በአጎትነታቸው ይቅረቡ፤ ዝምድናቸውንና የሚከፍሉትን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉ። አጎትን አባት ማድረግ ምን ይሉታል?

ደላላ ጋር ስንደርስ ትዕግሥቴ ያልቃል። «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሰው ኤምባሲ ውስጥ ሰው የለውም። ያለው ማተሚያ ማሽን ነው። የሠራላችሁ የባንክ መግለጫ ወይም የሥራ ልምድ ከተደረሰበት ደግሞ የሚጠየቀው እሱ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ በማጭበርበር ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል፤ ካናዳ ለ5 ዓመት ትዘጋለች፤ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት። ይህ ሁሉ በ22 ዓመት ልጅ ስም ይመዘገባል።

«አንዴ የተከለከለ ሁለተኛ አያገኝም» የሚለውም ልክ አይደለም። በ214ቢ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም እንጂ እንደገና ማመልከት ይችላል። ሆኖም 185 ዶላር የማመልከቻ ክፍያው እንደገና ይከፈላል፤ ያው ፋይል ያው መልስ ይዞ መመለስ የአዲስ አበባን መንገድ፣ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ እንደገና ከማየት ሌላ ትርፍ የለውም። ነጭ ወረቀት ተሰጥቶት 221ጂ የሚል ያነበበ ሰው ደግሞ ገና አልተወሰነበትም ማለት ይቻላል፤ የጎደለ ሰነድ አለ፣ ወይም ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት ይጠብቃል። እሱን «ከለከሉኝ» ብሎ ቀዶ የጣለ አጋጥሞኛል።

አይኤልትስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «ያለ እሱ አይሞከርም» ይላል፣ ሌላው «አያስፈልግም፣ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው» ይላል። ሁለቱም የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ አላነበቡም። በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚቀበሉ አሉ፤ የማይቀበሉም አሉ። ፈተናውን ከወሰዳችሁ ውጤቱ ለ2 ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል አስቡ።

የመጨረሻው ቀን ነገርም አለ። ዲሴምበር 15 ማለት ታኅሣሥ 15 አይደለም፤ ታኅሣሥ 6 ነው። በዚህ የተሸወደ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን አለኝ ብሎ ሲኩነሰነስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። «ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር ብል ይረዱኛል» የሚሉም አሉ። በ2015 ክረምት ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሆቴል ዋይፋይ ፈልጎ ቀኑ ሳያልፍ ለትምህርት ክፍሉ የጻፈ ተማሪዬ ሁለት ሳምንት ተራዝሞለታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የጻፈው ጓደኛው መልስም አላገኘም።

ስማችሁ በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው አንድ መሆኑን ዛሬውኑ እዩ። አንድ ፊደል ቢለያይ ምን አለበት አትበሉ።

የቀረው እኔን በቀጥታ የሚመለከተኝ ነው፤ «የድጋፍ ደብዳቤውን እኔው ጽፌ መጣሁ፣ መምህር ይፈርሙበት ብቻ።» አልፈርምም። ትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤውን ዛሬ የሚቀበሉት በተማሪው እጅ ሳይሆን፣ ለመምህሩ ኢሜይል በሚልኩት ማያያዣ በኩል ነው፤ የሥራ ኢሜይል ትታችሁ የመምህሩን የግል አድራሻ ስትሰጡም ጥርጣሬ ታስገባላችሁ። ደግሞ የሦስት ተማሪዎች ደብዳቤ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው» እያለ ሲደርሳቸው ማን እንደጻፈው ይገባቸዋል። ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው ከመጨረሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይምጣ። ትራንስክሪፕቱን፣ የዓላማ መግለጫውን ረቂቅና የሚያመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ከነቀናቸው ይያዝ፤ ቀናቱ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ። ቡና መጋበዝ አያስፈልግም።