ጎርፍ ያመጣው እንጨት ሁሉ ለአኳሪየም አይሆንም

ክረምት በመጣ ቁጥር ያው ወሬ ይደገማል። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሲያልፍ አሸዋው ላይ የሚያምር ጠማማ እንጨት ትቶ ይሄዳል። ሰው ያነሳና ቤቱ ላለው አኳሪየም፣ ማለትም ለዓሣ ማርቢያው የመስታወት ገንዳ፣ ያስበዋል። «ጎርፉ አጥቦታል እኮ፣ ንጹሕ ነው» ይለኛል። አይደለም! ይህን መስማት ሰልችቶኛል፤ ዓሣ የሚያስጨርሰው ይኸው እምነት ነው።

ሐይቅ ዳር የሚገኝ እንጨት ብዙውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተዘፈዘፈ ነው። ቅርፊቱ ረግፏል፣ ጭማቂውም ወጥቶ አልቋል። ደቻቱ ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ ከተራራው ወርዶ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ያመጣው እንጨት ትናንት የተነቀለ እርጥብ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍም የጋራዥ ዘይትና ፍሳሽ ይነካዋል።

እርጥብ እንጨት አኳሪየም ውስጥ ሲገባ መበስበስ ይጀምራል። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይሻሙታል። ሙቅ ውኃ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። የድሬን ሙቀት ጨምሩበትና አስቡት። አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ዓሣዎቹ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያጣጥሩ ጠራኝ። የእንጨቱን ቅርፊት በቢላ ላጥ ባደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ ቅርፊቱን ሙልጭ አድርጋችሁ ላጡት። ከዚያ ለወራት ይድረቅ። በጥፍር ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል፣ ጣሉት። ዘይት ዘይት የሚሸተውንም እንዲሁ፤ በማፍላት አይለቅም። የምን ዛፍ እንደሆነ ካላወቃችሁ አትውሰዱ። ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ ወተቱ መርዝ ነው፤ ቁልቋልም እንደዚያው። ጥድ ሙጫ አለው፣ ይቅርባችሁ።

«በበረኪና ይታጠብ» የሚሉም አሉ። እንጨት በረኪናውን ይመጠዋል፤ ከዚያ ዓሣው ባለበት ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሳሙናም ያው ነው። ብሩሽና የፈላ ውኃ ይበቃል። አንድ ሁለት ሰዓት አፍሉት። ቀኑን ሙሉ መቀቀል ግን እንጨቱን ያላሽቀዋል። ድስት ውስጥ የማይገባ ከሆነ የፈላ ውኃ ደጋግማችሁ አፍስሱበት፣ ከዚያም ውኃውን እየቀየራችሁ ዘፍዝፉት።

«ተንሳፈፈ፣ አይሆንም» ይላሉ። ውስጡ አየር ስላለ ነው። ድንጋይ ጫኑበት፤ ውኃ ሲጠጣ ይሰምጣል።

ውኃው ቡናማ ሲሆን የሚደነግጥም ብዙ ነው። ይህ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር ነው፤ ሻይ ውስጥም አለ። ኒዮን ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ የአማዞን ተወላጅ ነው፤ እዚያ የሚኖርባቸው ወንዞች ብዙዎቹ እንዲህ የጠቆሩ ናቸው። መልኩ ካልወደዳችሁት ከፊሉን ውኃ ደጋግማችሁ ቀይሩ።

«እንጨት ውኃውን አሲድ ያደርገዋል» ለሚሉኝ ደግሞ ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር አሳያቸዋለሁ። የድሬ የከርሰ ምድር ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ብዙ ነው፤ እሱም አሲዱን ያከሽፈዋል። አንድ ቁራጭ እንጨት በቀላሉ አይለውጠውም።

በመጨረሻ፣ እንጨቱ ላይ የሚወጣው ነጭ ልጋግ። «ሻገተ» ብለው ደህናውን እንጨት ይጥሉታል። ከእንጨቱ የሚወጣውን ስኳር የሚመገቡ ፈንገስና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዓሣ አይጎዱም። በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከቸኮላችሁ አውጥታችሁ በብሩሽ ፈትጉትና መልሱት።