ስለ መልበሪ የሚወራውና እውነታው

አዳማ ላይ መልበሪ የሚባለውን የፍሬ ዛፍ ልትከል ያለ ሰው ምክር አይጎድልበትም፤ ግማሹ ግን አይረባም።

«የሐር ትል ቀለብ ነው፤ ሰው አይበላውም።» ትሉ የሚበላው ቅጠሉን ነው፤ ፍሬው የሰው ነው። ከከተማው ብዙም በማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሐር ትል ሲጠና ስለኖረ ዛፉ ከትሉ ጋር ቢነሳ አይገርምም። ዛፉ ከሾላና ከዋርካ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

«የአዳማን ሙቀት አይችልም።» ይችላል። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ አይጓደልበት እንጂ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን ይቋቋማል። የሚጠላው ውሃ የሚተኛበትን መሬት ነው።

«ፍሬውን መዝራት ይበቃል።» ትዕግሥት ላለው ይበቃ ይሆናል። ከዘር የበቀለ ዛፍ ለማፍራት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላያፈራ ይችላል። ስለዚህ ሲያፈራ በዓይንዎ ካዩት ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው የጠነከረ ቅርንጫፍ ይቁረጡ። ቅጠሉን አራግፈው ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ይቅበሩ። ላዩ ከታች፣ ታቹ ከላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ቅጠል ሲያቆጠቁጥም ሥር አውጥቷል ብለው ለማዛወር አይቸኩሉ፤ ቁራጩ መጀመሪያ የሚያቆጠቁጠው በውስጡ ባለው ስንቅ ነው።

«ነጩ ፍሬ ያልበሰለ ነው።» በስሎም ነጭ የሚሆን ዝርያ አለ። ለስልሶ በቀላሉ ከተላቀቀ ደርሷል። ጥሬው ግን ሆድ ያውካል።

«ስኳርንም ደም ማነስንም ይፈውሳል።» ይህኛው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። 100 ግራም ፍሬ 36 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው፤ ለአንዲት ሴት የቀን ፍላጎት ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ብረቱ 1.9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ለፍራፍሬ ደህና ነው። ነፍሰ ጡር ግን በቀን 27 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ እፍኝ መልበሪ የታዘዘላትን ክኒን አይተካም። የቅጠሉ ሻይ በበኩሉ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚቀንስ ንጥረ ነገር አለው። ይህ መልካም ቢመስልም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ስለሚችል ሐኪሙ ሳያውቅ አይጠጣ።

«የትም ጥግ ይበቃዋል።» ሥሩ ኃይለኛ ነውና ከግድግዳና ከውሃ ቧንቧ ያርቁት። የልብስ ማስጫ ገመድም በአጠገቡ አይዘርጉ፤ ጥቁሩ ፍሬ ነጠላ ላይ ከወደቀ በቀላሉ አይለቅም።