ሪምፋየር ጥይት ምንድን ነው?

አንድ የምንሽርና አንድ የሪምፋየር ቀለህ መዳፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና መቀመጫቸውን ተመልከቱ። የምንሽሩ መሐል ላይ ክብ ነገር ተሰክቶበታል፤ መርፌው የወጋው ጎድጓዳ ምልክትም እዚያው ነው። መለኮሻው እሱ ነው። የሪምፋየሩ መቀመጫ ግን ልሙጥ ነው። የተመታበትን ለማግኘት ጠርዙን ማየት ያስፈልጋል፤ ዳር ላይ በጥፍር የተጫኑት የሚመስል ትንሽ ሰርጓዳ አለ። ሪምፋየር ማለት ይኸው ነው፦ መሐሉን ሳይሆን ከንፈሩን ተመትቶ የሚተኩስ ጥይት።

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ አውቃለሁ የሚል ሰው ያደገው በመሐል ምት ነው። ስናድሩም፣ ውጅግራውም፣ ምንሽሩም፣ ክላሹም መሐል መቺ ናቸው። ሪምፋየር የምትተኩስ፣ ከምላጩ ሥር ሌቨር የሚባል እጀታ ያላት ሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ እጁ ስትገባ በለመደው ሊይዛት ይሞክራል፤ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ቀለሁ ከስስ ነሐስ ይሠራል። መቀመጫው ዳር ዳሩን ወደ ውጭ ታጥፎ ውስጡ ክፍት የሆነ ከንፈር ያወጣል። እርጥብ የመለኮሻ ቅመም ጠብ ይደረግበትና ቀለሁ በኃይል ሲሽከረከር ቅመሙ ከንፈሩ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ባሩድ ይጨመራል፣ አፉ ላይ የሚተኮሰው እርሳስ ይገጠማል። መርፌው ከንፈሩን ሲደፈጥጠው ቅመሙ ፈንድቶ ባሩዱን ይለኩሳል። ለመደፍጠጥ ነሐሱ የግድ ስስ መሆን አለበት፤ የጥይቱ ጠባይ ሁሉ የሚቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ስስ ነሐስ ብዙ ግፊት አይችልም፤ የሚፈቀድለት የክላሹን ግማሽ ያህል ነው። 2.6 ግራም የሚመዝነው እርሳስ በሰከንድ ከ330 እስከ 380 ሜትር ይሄዳል፤ ጉልበቱ ከክላሽ ጥይት ጋር ሲተያይ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ከንፈሩ አንዴ ስለሚደፈጠጥም ቀለሁን መልሶ መሙላት አይቻልም።

ዘሩ የቆየ ነው። በፈረንጆች 1857 የአሜሪካ መሣሪያ ሠሪዎቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አጭሩን ሃያ ሁለት አወጡ፤ ዛሬ በብዛት የሚተኮሰው ረጅሙ ሃያ ሁለት የመጣው በ1887 ነው። በ1860 የወጣው የሄንሪ ሌቨር ጠመንጃም ሪምፋየር ነበር። መርፌው ከንፈሩን በሁለት በኩል እንዲመታ ተደርጎ ተሠርቷል፤ አንዱ ወገን ቢከሽፍ ሌላው ይለኩሳል ተብሎ። ክሽፈቱ የዛሬ ችግር አይደለም ማለት ነው።

ሌቨርና ሪምፋየር የሚስማሙት በቱቦው ምክንያት ነው። ጥይቶቹ ከበርሜሉ በታች ባለው ቱቦ ውስጥ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን መቀመጫ ነክቶ ይደረደራሉ። መሐል ምት ጥይት ቢሆን ሹል አፍንጫ የፊተኛውን መለኮሻ ወግቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ለዚህም ነው የእነሱ ሌቨር ጠመንጃ ጠፍጣፋ አፍንጫ የሚፈልገው። ሪምፋየር መሐሉ ባዶ ስለሆነ ይህ ስጋት የለበትም። ሲጎርስ የውስጡ ቱቦ ዞር ተደርጎ የጥይቱ ቀዳዳ እስኪታይ ይሳባል፤ ጠመንጃው ጋደም ብሎ ጥይቶቹ በመቀመጫቸው በኩል ይንሸራተታሉ። እጅም ፊትም ከአፈሙዙ ፊት አይቆምም፤ ቱቦው የሚሳበው ከዚያው ወገን ስለሆነ ይህ በቀላሉ ይዘነጋል። ብዙዎቹ 15 ረጅም ሃያ ሁለት ይይዛሉ።

ሌቨሩ ወደ ታችና ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ይገፋል፣ እስከ መጨረሻውም ይመለሳል። በእርጋታ ግማሽ መንገድ ሄዶ የሚመልሰው ሰው ቀለሁ ሳይወጣ ሌላ ጥይት ይጠራና ሁለቱ ይቆላለፉበታል። ለስለስ አድርጎ መያዝ ለዚህች ጠመንጃ ደግነት አይደለም።

ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙ ከዒላማው ሳይነሳ 30 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ዘግይቶ የሚተኩስ አለና። ከዚያ ይወጣና ምልክቱ ይታያል። ሰርጓዳው ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፦ በተመታችው ቦታ ቅመም አልደረሰም። ዞር አድርጎ ከንፈሩን በሌላ ወገን አንዴ መሞከር ይቻላል፤ ካልሆነ ይጣላል። ምልክቱ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። መዝጊያው ውስጥ ዘይትና ጥላሸት ረግቶ መርፌውን ያዘገየዋል፣ ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ወይም ማጎሪያው፣ ማለትም ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበት የበርሜሉ ጉሮሮ፣ ቆሽሾ ጥይቱ እስከ መጨረሻው አልገባም። የመጨረሻው በሁለተኛው ምት ይተኩስና ባለቤቱን ያሳስተዋል፤ የመጀመሪያው ምት ያደረገው ጥይቱን ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነበር። ተኩሱ ደግሞ እንደ ወትሮው ሳይሆን ፍስ ብሎ ከቀረ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል። በርሜሉ ሳይታይ ሁለተኛ ጥይት አይላክም።

ባዶ ማቀባበልና ምላጭ መሳብ በምንሽር የተለመደ ጨዋታ ነው። በሃያ ሁለት ግን መርፌው የሚመታው ከንፈር ሲያጣ የማጎሪያውን ጠርዝ ሊመታ ይችላል። ጠርዙ ከተጎደጎደ ጥይት አስገብቶ ማስወጣት ያስቸግራል። ባዶ ቀለህ አስገብቶ መለማመድ ይሻላል፤ እሱንም በየምቱ ዞር ማድረግ ነው።

ማራገፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦውን አውጥቶ ጥይቱን ማፍሰስ አይበቃም፤ አንዱ ማጎሪያው ውስጥ፣ አንዱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ሌቨሩ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ ማጎሪያው በዓይንም በጣትም ይታያል።

የዚህች ጥይት እርሳስ ሰም ወይም ቅባት የተቀባ ነው። ኪስ ውስጥ ከአቧራና ከጤፍ ብናኝ ጋር ከተቀመጠ ያንኑ ይዞ በርሜል ውስጥ ይገባል። በክረምት ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ፣ ደረቅ ቦታ ማኖር ነው። ጥይቱን ዘይት መቀባት ግን ቅመሙን ያበላሻል። በርሜሉን በረጅም ብረት ከአፈሙዙ በኩል መወልወል የአፈሙዙን ጠርዝ ይበላዋል፤ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ከማጎሪያው አስገብቶ ወደ ፊት መሳብ ይበቃል። ከበርሜሉ ይልቅ ቀለህ የሚጎትተው ጥፍር ሥር ያለው ጥላሸት ነው ትኩረት የሚሻው።

በ50 ሜትር የተስተካከለች ጠመንጃ በ100 ሜትር ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ትላለች። የደጋው አየር ሳሳ ማለቱ ትንሽ ይረዳል፤ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ አስተካክሎ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው በ50 ሜትር ልዩነቱን አያየውም። ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቀና ተደርጎ የተተኮሰ እርሳስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሊሄድ ይችላል፣ ከድንጋይና ከውኃ ላይም ይዘላል። ለሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ከማን ግቢ እንደሚወርድ ተኳሹ አያውቅም። ፈቃድም ያስፈልጋታል፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል።

እርሳሱ ብዙውን ጊዜ ሽፋን የለውም፣ የመለኮሻውም ቅመም ቢሆን በአብዛኛው እርሳስ አለበት። ሁለቱም ጣት ላይ ይቀራሉ፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። በጣት ለሚቆርስ ሰው ውኃ ብቻ ሳይሆን ሳሙናም ከእንጀራው በፊት ይቅረብ።