«ስልክህን ጣለውና ተገላገል»

ፋይናል ሲቃረብ እዚህ ጅማ ዶርም ውስጥ ይሄ ምክር አይጠፋም። ከቅን ልብ ነው የሚመጣው። ግን ከጀርባው ያሉት አንዳንድ አመለካከቶች ልክ አይደሉም፤ ተማሪ ሲጎዱም አይቻለሁ።

«ከስልኩ መለየት ያቃተው በሽተኛ ነው»

አይደለም። ከስልክ የመለየት ፍርሃት «ኖሞፎቢያ» ይባላል፤ ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። እዚያ የገባው የጌም ሱስ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየና ኑሮን ያናጋ ሲሆን ነው። እባካችሁ ጓደኛችሁን ለቀልድም ቢሆን «ሱሰኛ» አትበሉት።

«ስልኬ ሳይነዝር የነዘረ ይመስለኛል፤ ላብድ ነው መሰለኝ»

ላይብረሪ አጠገቤ የተቀመጠች ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ጃኬቷን ደጋግማ ስትዳብስ ቆይታ በሹክሹክታ የጠየቀችኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 89 በመቶው ይሄ አጋጥሟቸዋል። ጥሪ የሚጠብቅ አእምሮ የልብስ ንክኪን እንደ ንዝረት ሊተረጉመው ይችላል። እብደት አይደለም። ስነግራት ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

«ማጥፋት ብቻ ነው መፍትሄው»

ዶርማችን ውስጥ አንድ ልጅ ሞክሮታል። ስልኩን አጥፍቶ ሎከር ውስጥ ቆለፈበት። ማታ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሎከሩን ሲያይ ነበር። በማግስቱ ክላስ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ነው። ለካ ሪፑ (የክላሳችን ተወካይ) ክዊዙ ወደ ሌላ ክፍል መዛወሩን ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ጽፎ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱ ባሰበት። ፍርሃቱ እኮ መሠረት ነበረው! የክላስ ወሬ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። የሚሻለው መለየት ነው። የክላሱን ግሩፕና የቤተሰብን ጥሪ ክፍት ተዉት፤ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ዝጉ። ስትተኙ ደግሞ ስልኩ ትራስ ስር አይሁን፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ቲክቶክ የወሰደውን እንቅልፍ ጠዋት አይመልሰውም።

«ጭንቀቱን ያመጣው ስልኩ ነው»

አንዳንዴ። ግን የተጨነቀ ሰው ራሱም ለመሸሸግ ስልክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ተጠቀምክ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» በሉት።

«ሐኪም ጋ የሚሄደው ያበደ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ጅማ እኮ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ክላስ መግባት ካስጠላ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂዱ። የዶርማችንን ልጅ አብሬው ሄጄ ወረፋው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ስንወጣ ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ።