ዴድዉድ፦ ሕግ ያልደረሰባት ከተማ ድራማ

«ዴድዉድ» ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከ2004 እስከ 2006 ያሳየው ተከታታይ ድራማ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሦስት ሲዝን አለው። እያንዳንዱ ሲዝን 12 ክፍል ነው፤ በድምሩ 36 ይሆናል። በ2019 ደግሞ አንድ መዝጊያ ፊልም ተጨመረለት። ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ ባርኔጣና ጭቃ ስላለበት ከካውቦይ ፊልሞች ጋር ይመደባል። ተኩስ ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ግን ቅር ይለዋል። እዚህ ሰው የሚያጠቃውም የሚከላከለውም በአፉ ነው። ድራማው ካለቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሲያዩት የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መጨረሻውን ያወቀ ተመልካች «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ አይቸኩልም። ጆሮውን ለንግግሩ ይሰጣል፤ የድራማው ሀብት ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ከተማዋ እውነተኛ ናት። ዛሬም በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ብላክ ሂልስ በሚባሉት ተራሮች መካከል ትገኛለች። የአሜሪካ መንግሥት በ1868 በፎርት ላራሚ በፈረመው ውል እነዚህን ተራሮች የአገሩ ነባር ለሆነው ለላኮታ ሕዝብ አጽድቆ ነበር። በ1874 በጆርጅ ከስተር የተመራ የጦር ጉዞ በአካባቢው ወርቅ አገኘ። ወሬው እንደተሰማ ወርቅ ፈላጊ ጎረፈ። በ1876 ሸለቆው ውስጥ ድንኳንና የሳንቃ ቤት ተደርድሮ ከተማ ሆነ። ውሉ ስላልተሻረ ሰፈራው ከመሠረቱ ሕገ ወጥ ነበር። ዳኛ የለም፣ ፖሊስ የለም፣ የቦታ ካርታ የለም፣ ግብር ሰብሳቢም የለም። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ከስተር ራሱ በሊትል ቢግሆርን ከላኮታና ከሼየን ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ ወድቋል። የድራማው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

ደራሲው ዴቪድ ሚልች ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ከገጣሚውና ከደራሲው ሮበርት ፔን ዋረን ሥር ተምሯል፤ በኋላም እዚያው አስተምሯል። በቴሌቪዥን ስሙ የታወቀው በፖሊስ ድራማዎች ነው፤ ከስቲቨን ቦችኮ ጋር ሆኖ «ኤንዋይፒዲ ብሉ»ን የፈጠረው እሱ ነው። ወደ ኤችቢኦ ይዞት የሄደው የመጀመሪያ ሐሳብም ስለ ካውቦይ አልነበረም። በኔሮ ዘመን በሮም ከተማ ጸጥታ ስለሚያስከብሩ ሰዎች ሊጽፍ ነበር ያሰበው። ጣቢያው በወቅቱ ስለ ሮም ሌላ ድራማ በእጁ ስለነበረ ሐሳቡን ወደ ሌላ ዘመንና ቦታ እንዲያዞረው ጠየቁት። ሚልች ቦታውን ቀየረ፤ ጥያቄውን ግን አልቀየረም። ሕግ በሌለበት ሥርዓት ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ክፍል ይህን ጥያቄ ወዲያው ይዞት ይነሣል። ሴዝ ቡሎክ በሞንታና የሕግ አስከባሪ ነው። ሥራውን ሊለቅ፣ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዴድዉድ ሊሄድ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። እስር ቤቱ ውስጥ በሞት የተፈረደበት ሰው አለ። የሰከሩ ሰዎች ተሰብስበው «አውጣልን፣ እኛ እንሰቅለዋለን» ይላሉ። ቡሎክ እስረኛውን አሳልፎ አይሰጥም። ደጃፉ ላይ አውጥቶ፣ ሰዎቹ እያዩ፣ ራሱ በሕግ ስም ይሰቅለዋል። ከዚያ በፊት ግን የሟቹን የመጨረሻ ቃል ይቀበላል። ያው ሰው፣ ያው ገመድ፣ ያው ሞት ነው። መንጋው ከሚፈጽመው ግድያ የሚለየው ምንድን ነው? ደራሲው መልሱን አይነግረንም። 36ቱም ክፍሎች በዚህ ዙሪያ ይዞራሉ። ይህን ክፍል ያዘጋጀው ዳይሬክተር ዎልተር ሂል የኤሚ ሽልማት አግኝቶበታል።

ዴድዉድ ስንደርስ ቡሎክ ከጓደኛው ከሶል ስታር ጋር የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ይከፍታል። የከተማዋ እውነተኛ ጌታ ግን ሌላ ነው። አል ስዌረንጀን «ጄም» የሚባለው መጠጥ ቤት ባለቤት ነው። ውስኪ፣ ቁማርና ሴት ይሸጣል፤ ያስገድላል፤ ይሰልላል። በየጠዋቱ ሰገነቱ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ተዋናዩ ኢያን ማክሼን ነው፤ በዚህ ሥራው በ2005 ጎልደን ግሎብ ተሸልሟል። ቡሎክን ቲሞቲ ኦሊፋንት ይጫወተዋል። ሌላ ደራሲ ቢሆን አንዱን ጥሩ፣ ሌላውን ክፉ አድርጎ ያፋልማቸው ነበር። እዚህ ጻድቅ የሚመስለው ቡሎክ ቁጣውን መግታት የሚሳነው ሰው ነው። ወንጀለኛው ስዌረንጀን ደግሞ ከተማዋ እንዳትፈርስ ከሁሉም በላይ የሚያስብ ሆኖ ይገኛል። ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ከተማዋ ከፈረሰች ንግዱም ይፈርሳላ።

በመጀመሪያው ሲዝን ፈንጣጣ ይገባል። ይህ ለእኔ የድራማው ልብ ነው። ስዌረንጀን የከተማዋን ታዋቂ ሰዎች ጄም ውስጥ ይሰበስባል። ሐኪሙ አለ፤ ጋዜጠኛው አለ፤ የሆቴሉ ባለቤት ፋርነም አለ፤ ተቀናቃኙ የቁማር ቤት ጌታም አለ። ክትባት የሚያመጣ ሰው ወዴት ይላክ? የታመሙት የት ይተኙ? ገንዘቡን ማን ያዋጣ? ጋዜጣው ምን ብሎ ይጻፍ? እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች ይህን ሁሉ ተነጋግረው ይወስናሉ። ጠረጴዛው ላይ በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ቀርቧል። ማንም አላዘዘውም፤ ከስዌረንጀን አሽከሮች አንዱ ለእንግዳ ይሆናል ብሎ ያስቀመጠው ነው። ከዚያ በኋላ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ኮክ ይቀርባል። ኮክ ከሌለ ስብሰባው ስብሰባ አይመስልም። የመንግሥት ሥርዓት እንዴት እንደሚወለድ የሚያወሩ ወፍራም መጻሕፍት አሉ። ሚልች ግን ነገሩን በአንድ ሳህን ኮክ አሳይቶ ጨርሶታል። ትንሽ ቆይተው እነዚሁ ሰዎች ከንቲባ ይመርጣሉ። ፋርነም ሹመቱን ለራሱ ሲጠይቅ ሌላ ፈላጊ ስለሌለ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ንግግሩ። ሁለት ነገሮች ይምታቱበታል። አንዱ ስድብ ነው፤ ብዛቱ ያስደነግጣል። የዚያ ዘመን ስድብ በአብዛኛው የእግዚአብሔርን ስም የሚዳፈር እንደነበረ ሚልች ራሱ ተናግሯል። ያንኑ ቃል በቃል ቢያስገባው የዛሬ ተመልካች ይስቃል እንጂ አይደነግጥም። ስለዚህ የዛሬን ስድብ ወደ ድሮ ወሰደው። ሁለተኛው ነገር የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ረጅም ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ግሱን ያዘገያል፣ የቆየ መጽሐፍ ይሸታል። ብዙዎች ከሼክስፒር ጋር ያነጻጽሩታል፤ አያንስበትም። ፋርነም ወለል እየጠረገ ብቻውን ሲያጉረመርም የቤተ መንግሥት ሰው ይመስላል። ስዌረንጀን በሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ የአንድ ነባር ተወላጅ የተቆረጠ ራስ ጋር ምሥጢሩን ያወራል። የሚሰማውን ሁሉ መልሶ የማያወራ ሌላ አማካሪ የለውማ።

እነዚህ ሰዎች የልባቸውን በቀጥታ አይናገሩም። ማስፈራሪያው በትሕትና ተጠቅልሎ ይመጣል። ፍቅር በስድብ ውስጥ ያልፋል። ላዩን አንድ፣ ውስጡን ሌላ የሚል ንግግር ለቅኔ ወዳድ ጆሮ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ ሲያዩት ግማሹ ያመልጣል። እኔ ሁለተኛ ዙር ሳየው ነው አንዳንዱ ውይይት ድርድር እንደነበረ የገባኝ። ሚልች ሲጽፍም ልማዱ የተለየ ነበር። ወገቡን ስለሚያመው ወለል ላይ ተጋድሞ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ይተይባል፤ እሱ ቃላቱን ስክሪን ላይ እያየ ደጋግሞ ያርማል። ተዋንያኑ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው በመጨረሻው ሰዓት ነበር። ያንን ንግግር እንደዚያ አቀላጥፈው መናገራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ትንንሾቹ ገጸ ባሕርያት ሳይነሡ መታለፍ የለባቸውም። ዶክተር ኮክራን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ያከመ ሐኪም ነው። ጩኸታቸው ከጆሮው አልወጣም። የከተማዋ ሰባኪ በአንጎል ዕጢ ሲሠቃይ ዶክተሩ ተንበርክኮ ከአምላክ ጋር ይጣላል። ብራድ ዱሪፍ እዚያች ላይ ያሳየው ትወና በቴሌቪዥን ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ጄም ቤት የምታጸዳው ጁዌል እግሯን ስትጎትት የምትሄድ ሴት ናት። ተዋናይቷ ጄሪ ጁዌል ራሷ ሴሬብራል ፖልዚ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለባት። ጁዌል ዶክተሩን የእግር ድጋፍ እንዲሠራላት ትለምነዋለች፤ በመጀመሪያው ሲዝን መዝጊያ ላይ ሁለቱ ይጨፍራሉ። ሚስተር ዉ ደግሞ የቻይናውያኑ ሰፈር አለቃ ነው። እንግሊዝኛው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፣ አብዛኛው ስድብ። ከስዌረንጀን ጋር ግን ሥዕል እየሣሉ ይግባባሉ።

ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት በእርግጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታዋቂውን ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክን ነሐሴ 2 ቀን 1876 ዴድዉድ ውስጥ ቁማር ሲጫወት ጃክ ማኮል ከኋላው ተኩሶ ገድሎታል። የማዕድን ሠራተኞች ያቋቋሙት ችሎት ማኮልን በነጻ ለቀቀው። በኋላ በያንክተን ከተማ እንደገና ተከሶ በመጋቢት 1877 ተሰቀለ። የመጀመሪያው ችሎት ሕጋዊ ስላልነበረ ሁለት ጊዜ ተከሰስኩ ብሎ መከራከር አልቻለም። ካላሚቲ ጄንም የኖረች ሴት ናት፤ መቃብሯ ከሂኮክ ጎን ነው። እውነተኛው ቡሎክ ሸሪፍ ሆኗል፤ የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወዳጅም ነበር። ሚልች ግን የታሪክ መምህር አልነበረም። እውነተኛው ሰባኪ ስሚዝ የሞተው በዕጢ አይደለም፤ ነሐሴ 1876 መንገድ ላይ ተገድሎ ነው። እውነተኛው ስዌረንጀንም በማክሼን ገጽታ የሚወደድ ሰው አልነበረም። ሴቶችን በመድረክ ሥራ ስም አታሎ እያመጣ ያስገድድ ነበር። ድራማውን ስንወድ ይህን መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ጆርጅ ኸርስት ይመጣል፤ ሦስተኛውን ሲዝንም ይገዛዋል። ይህም እውነተኛ ሰው ነው፤ የጋዜጣው ባለሀብት የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት አባት። በአቅራቢያው ያለውን የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን በ1877 ከሸሪኮቹ ጋር ገዛ። ማዕድኑ እስከ 2002 ድረስ ሠርቷል። በድራማው ውስጥ ኸርስት ሲመጣ የቀድሞዎቹ ሽፍቶች ሁሉ ትንሽ ይሆናሉ። ስዌረንጀን ሰው የሚገድለው ስሙን እያወቀ ነው። ኸርስት የሚያየው ከመሬት በታች ያለውን ብቻ ነው። ከተማዋ ሕግ ሲመጣ ትድናለች ብለን ስንጠብቅ፣ ከሕጉ ጋር አብሮ የመጣው ትልቁ ገንዘብ ነበር። ሦስተኛው ሲዝን ላይ አንድ የቲያትር ቡድንም ይመጣል፤ ብዙ ቦታ ይወስዳል፣ ከታሪኩ ጋር በደንብ አልተዋሐደም።

ትልቁ ጉድለት ግን ላኮታዎቹ ናቸው። የተዘረፈው መሬት የእነሱ ነው። በድራማው ውስጥ ግን ድምፅ የላቸውም። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ያ በሣጥን ያለው ራስ ነው፤ እሱም ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አይደለም። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብላክ ሂልስ ያለአግባብ መወሰዱን አምኖ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፈል አጽንቷል። ሕዝቡ መሬቱን እንጂ ገንዘቡን አንፈልግም ብሎ እስካሁን አልተቀበለም። ስለ ሕግና ስለ ስርቆት ይህን ያህል ያሰበ ደራሲ ይህን ማለፉ ያስቆጫል።

ድራማው በ2006 በድንገት ተቋረጠ። ወጪው ከባድ ነበር። በምትኩ ሁለት ፊልሞች ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ ሳይሠሩ ቀሩ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ተናዶ ነበር። ዛሬ ሳየው ግን የመጨረሻው ክፍል ጥሩ መዝጊያ ሆኖ አገኘዋለሁ። ኸርስት ሳይቀጣ ይሄዳል። ኸርስት ላይ የተኮሰችውን ሴት ትሪክሲን ለማዳን ሲባል ምንም ያላደረገች ሌላ ሴት ትገደላለች። ገዳዩ ስዌረንጀን ነው። ደሙንም ራሱ ይፈገፍጋል። ከተማዋ የተረፈችበት ዋጋ ይኸው ነው፤ ደራሲው አላለሰለሰውም።

ፊልሙ በግንቦት 2019 መጨረሻ ወጣ። ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ወደሆነችበት ወደ 1889 ይወስደናል። ዳይሬክተሩ ዳንኤል ሚናሃን ነው። ሁሉም አርጅተዋል፤ የቁማር ቤቱን ጌታ የተጫወተው ፓወርስ ቡዝ በ2017 ስለሞተ የለም። ሚልች አልዛይመር እንደያዘው ያስታወቀውም በዚያው 2019 ነው። ፊልሙ የድሮ ትዕይንቶችን ጣል ጣል ማድረጉ አላስፈለገም እላለሁ፤ ተመልካቹ ያስታውሳቸዋል። ሆኖም ሰዎቹን አንድ ላይ ማየት ለሚወዳቸው ሰው ብዙ ነው።

አዲስ ለሚጀምር፦ ልጆች ባሉበት የሚታይ አይደለም። የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከሥር አድርጉ፤ አሜሪካኖቹም ያደርጉታል። ቢያንስ ሂኮክ እስከሚሞትበት እስከ አራተኛው ክፍል ታገሡት። በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አትዩ፤ ንግግሩ ይደራረብባችኋል። 36ቱን ስትጨርሱ ደግሞ ወደ ፊልሙ ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ወራት አቆዩት።